ከግራው ጠርዝ ወዲያ

ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ሰዓሊው እጅ ይነሳ ነበር።

ሰዓሊው ሰው አይደለም። በጫማ ቤቱ ጓዳ፣ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ፣ ብዕር የታሰረበት አንድ የብረት ክንድ ያለው፣ የጫማ ቅርጽ በወረቀት ላይ የሚስል ማሽን ነው። ስሙን ያወጣለት ሟቹ ጫማ ሰሪ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ የቅርጽ መሳያው ፕሮግራም ሲከፈት ክንዱ ከተኛበት ይነሳና እስከ ጠረጴዛው ጥግ ሄዶ፣ ብዕሩን አንዴ ዝቅ ከፍ አድርጎ ይመለሳል። ጫማ ሰሪውም መነጽሩን እየወለወለ «እግዜር ይስጥህ፤ በል አሁን ወደ ሥራ» ይለው ነበር።

አሁን ጫማ ሰሪው የለም። ሚስቱ ብቻዋን ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ፕሮግራሙን ስትከፍት ክንዱ እንደ ድሮው ተነስቶ እጅ ነስቶ ይመለሳል። ኮምፒውተሩም አጭር የደወል ድምፅ ያሰማል፤ ከስክሪኑ ግርጌ የፕሮግራሙ ትንሽ ምልክት ይበራል። የሚሳልበት መስኮት ግን ስክሪኑ ላይ አይመጣም። ድምፁ አለ፤ ሰላምታው አለ፤ ፊቱ የለም።

ሰፈሩ ቲቸር ይላታል። ጂኦሜትሪ ስታስተምር ኖራ፣ ኋላ ትምህርት ቤቱን ትታ ከባሏ ጎን ተቀመጠች። ጫማ ሰሪው የሚሠራው የሱቅ ጫማ ለማይስማማቸው ሰዎች ነበር፤ አንዱ እግሩ ያጠረ፣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረ፣ ጣቱ የጎደለ፣ ሁሉም ወደሱ ይመጣል። ሲጠሩትም ጋሽ ልኩ ነው የሚሉት፤ ልክ ሲወስድ ጊዜ አይቆጥርምና። ሰውየውን ያስኬደዋል፣ ያስቆመዋል፣ ደረጃ ያስወጣዋል፣ ወሬ ያስወራዋል። «ሰው ሲያወራ ነው እግሩ እውነቱን የሚናገረው» ባይ ነበር።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ አንድ፣ ስክሪኑ ሁለት። የግራው የሱ፣ የቀኙ የሷ። እሱ የጫማውን ፊት ከጣት እስከ ወገቡ ስሎ ሲጨርስ መስኮቱን በማውስ ይይዝና ወደ ቀኝ ይገፋዋል፤ ስዕሉ ከሱ ስክሪን ጠርዝ ወጥቶ በሷ ጠርዝ ይገባል። «ያዢው» ይላል። ተረከዙ የሷ ነው፤ የተረከዝ ቅስት ስሌት ይፈልጋልና። ስትጨርስ መልሳ ወደ ግራ ትገፋለታለች። እሱ አገጩን በመዳፉ ደግፎ ዝም ብሎ ያየዋል፤ ያየዋል። ከዚያ «ልክ ነው» ሲል ወደ ሰዓሊው ይላካል። ሳያይ «ልክ ነው» ብሎ አያውቅም፤ እሷም ሳትሰማ አትልክም።

ያን ቀን እሷ ቆዳ ልትመርጥ ወጥታ ነበር። ስልክ ደወለላት።

«የፖስተኛውን ጨረስኩ። ስትመጪ የማሳይሽ ነገር አለ።»

«ምንድነው?»

«ስትመጪ አልኩሽ እኮ። ደግሞ ጥቁሩን ቆዳ እንዳታመጪ፤ የዛሬ ሳምንት ያመጣሽው እንደ ካርቶን ነው የሚሰነጠቀው።»

ስትደርስ የጫማ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ጎረቤት ደጃፉን ሞልቷል፤ የሱ ወንበር ወደ ኋላ ተገፍቶ ነበር። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ለቀስተኛው ተመላልሶ ሲያበቃ፣ ቤቱም ወደ ዝምታው ሲመለስ፣ ያልቻለችው ነገር ቢኖር ያን የግራ ስክሪን ነው። ጥቁር ፊቱ ላይ ባዶው ወንበርና የሷ ትከሻ ይታዩበታል። የባሏን ታናሽ ወንድም ጠርታ «ውሰደው፤ ልጆችህ ይዩበት» አለችው። ወንድምየው ስክሪኑን ነቀለ፤ ከጀርባ ገመዱንም ሊፈታ ሲል እጁን ያዘችው። ጫማ ሰሪው ገመዶቹን ሁሉ ከጠረጴዛው እግር ጋር ያሰራቸው በቆዳ ማሰሪያ፣ ጫማ በሚያስርበት በራሱ ቋጠሮ ነበር።

«ገመዱን ተወው» አለች።

«ያለ ስክሪኑ ምን ያደርግልሻል፣ እታለም?»

«ቋጠሮውን እንዳትነካ።»

ወንድምየው ስክሪኑን ተሸክሞ ወጣ። የገመዱ ጫፍ፣ ትንሽ መለወጫ እንደተሰካበት፣ ጠረጴዛው ላይ ራሱን እንደደፋ ቀረ። እሷም ኮምፒውተሩን ሳትከፍት ወራት አለፉ።

ያስከፈታት ፖስተኛው ነው። የግራ እግሩ ከቀኙ ያጥራል፤ ጋሽ ልኩ የሠራለትን ጫማ አድርጎ ሰፈር ለሰፈር ሲዞር የኖረ ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ሲያዞር የጫማው ሶል ማለቁን፣ ውስጡ የታጠፈ ካርቶን መጠቅጠቁን አየች።

«እኔስ አልቸኮልኩም ነበር፣ እትዬ» አለ። «እግሬ ነው የቸኮለው። ሌላ ጫማ ሰሪ ጋ ሄጄ ነበር። ልክህን ልውሰድ ብሎ መሬት ላይ አስቁሞ በእርሳስ ከበበኝ። እንደ በግ ቆሜ ቀረሁ። ምንም አላወራኝም እኮ።»

«ያንተን ጨርሶት ነበር» አለች። «ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው ያለው።»

ፖስተኛው ከሄደ በኋላ ነው ኮምፒውተሩን የከፈተችው። ሰዓሊው እጅ ነሳ። መስኮቱ አልመጣም። ዘግታ ከፈተች፤ አጥፍታ አስነሳች፤ ሶኬቱን ነቅላ መለሰች። ሰዓሊው በየጊዜው ሳይሰለች እየተነሳ እጅ ይነሳል፤ ለማን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ለማንም አልተናገረችም። የማውሱ ቀስት በግራ ጠርዝ በኩል ሲሄድ አይቆምም። ይወጣል። ባዶው ቦታ ላይ የሆነ ስፍራ ይደርስና፣ ማውሱን ወደ ቀኝ ስትመልሰው ተመልሶ ይመጣል። መጀመሪያ ያየች ዕለት እጇን ከማውሱ ላይ አንስታ ታቅፋ ተቀመጠች። ኋላ ለመደችው። ይህን ለሰው ቢነግሩት ምን ይላል? «ቲቸር መጻሕፍቱ ላይ ስታፈጥ ኖራ በመጨረሻ ነካት» ነዋ። በሆዷ ያዘችው።

ወንድምየው ማሽኖቹን የሚወስድ ሰው አግኝቻለሁ እያለ ይጎተጉታት ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ እዚያ ጓዳ ብቻዋን ስትቀመጥ ማየት ጨንቆት ነው። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማሙ።

«ኮምፒውተር ጠጋኝ አምጥቼ ላሳይ» አለች። «መስኮቱ ከተከፈተ የሱን ሥራ እቀጥላለሁ። ካልተከፈተ ሰውየህን አምጣው፤ ሰዓሊውንም ይውሰደው። እኔም ቤቴ እገባለሁ።»

«ቃል?»

«ቃል።»

ጠጋኟ ከሰዓት በኋላ መጣች፤ ትከሻዋ ላይ ከራሷ የሚከብድ ቦርሳ፣ አፏ ውስጥ ማስቲካ። ወንድምየው ደግሞ ነገሩን ሊያይ የበሩን መቃን ተደግፎ ቆሟል።

«አስታወሱኝ፣ ቲቸር?»

ቲቸር መነጽሯን ከፍ አደረገች። «የኋላ ወንበር። ከሰሌዳው ይልቅ ውጭውን የምታዪው።»

«እሷው ነኝ። በክበብ ጥያቄ ጥለውኛል።»

«አንቺ ነሽ የወደቅሽው። እኔ አልጣልኩሽም።»

«ይኸው ዛሬ ደግሞ እርስዎ ጠሩኝ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ፤ ፈተና ሊሰጡኝ ነው መሰለኝ።» የጋሽ ልኩን ወንበር ልትስብ ስትል ቲቸር የራሷን ወንበር ገፋችላት። ጠጋኟ አየችና በተሰጣት ላይ ተቀመጠች።

ፕሮግራሙን ከፈተች። ሰዓሊው ከኋላዋ ክንዱን ሲያነሳ ዘላ ዞረች።

«ይሄ ምን ይፈልጋል?»

«ሰላም እያለሽ ነው።»

«ሰላም ነው፣ ወንድሜ» አለችው ጠጋኟ ደረቷን ይዛ። ከዚያ ወደ ሥራዋ ገባች። በማሽኑ ውስጥ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አወጣች። «አለ፤ እየሠራ ነው ይላል። የማሽኑን ሜሞሪ እየበላ፣ እየተነፈሰ ነው። ቆይ ልግደለውና እንደገና...»

ወንድምየው ጫማውን አየ።

«ልዝጋው ማለቴ ነው» አለች ጠጋኟ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ይቅርታ፣ ቲቸር። የኛ ሙያ አፉ መጥፎ ነው።»

«ዝጊው።»

ዘጋችው፤ ከፈተችው። በሌላ መንገድ ከፈተችው። የስክሪኑን መጠን ቀያየረች፤ ቫይረስ ፈለገች፤ አላገኘችም። ሰዓሊው እየተነሳ እየተኛ ብዕሩ ጥግ ላይ የነካው ቦታ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ሆነ። ማስቲካዋን መላመጥ አቆመች።

«እውነቱን ልንገርዎት? ሁሉን ጠርገን ከባዶ እንጫነው።»

«ፕሮግራሙስ ከየት ይመጣል? የሸጡልን ሰዎች ከዘጉ ቆይተዋል። ስዕሎቹን ደግሞ ከሱ በቀር የሚከፍታቸው የለም።»

«እንግዲህ...»

«እኔ ብያለሁ» አለ ወንድምየው ከበሩ፤ በእርጋታ ነው ያለው። «እታለም፣ ያልሆነ ነገር አይሆንም።»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው እኮ ይሄ» አለች ቲቸር። «ጥፋቱን ሳታገኙት ቤቱን ልታፈርሱት?»

«ቲቸር፣ አህያውን ያሳዩኝና እኔው ራሴ እመታዋለሁ» አለች ጠጋኟ። ይህን እያለች እጇን ሳታስብ ማውሱ ላይ አሳረፈች፤ ቀስቱ ከግርጌ ካለው የፕሮግራሙ ምልክት ላይ ቆመ። ከምልክቱ በላይ ቴምብር የምታህል ምስል ብቅ አለች። ጠጋኟ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«አለ እኮ» አለች በሹክሹክታ። «ይዩት።»

ቲቸር አጎንብሳ አየች። ነጭ ወረቀት፤ ላዩ ላይ እንደ ተቆረጠ ጥፍር የቀጠነ መስመር። ቀስቱ ሲነሳ ምስሉ ጠፋ።

«መስኮቱ ተከፍቷል» አለች ጠጋኟ። «የሆነ ቦታ ተከፍቶ ቁጭ ብሏል። እኛ ነን የማናየው።»

«የት?» አለች ቲቸር።

«እሱን ነው የማላውቀው። ቲቸር፣ እዚህ ማሽን ላይ ያልተለመደ ነገር አይተው ያውቃሉ? ትንሽም ብትሆን። ሰው እኮ አይነግረንም፤ ኪቦርዱ ላይ ሻይ ደፍቶ እንኳ 'እንዲሁ በራሱ ቆመ' ነው የሚለን። የሚያሳፍርም ቢሆን ይንገሩኝ።»

ቲቸር ቃሏን ታስታውሳለች፤ ካልተከፈተ ሰውየው ይመጣል። የፖስተኛውን ካርቶንም ታስታውሳለች። ነገር ግን ይህቺን አንዲት ነገር ከነገረቻቸው፣ በተለይ እሱ በቆመበት፣ የሚቀራት ነገር አይኖርም። ጠጋኟ ዕቃዋን ወደ ቦርሳው መመለስ ጀመረች። ሽቦዎቹ አንድ ባንድ ሲገቡ ድምፃቸው ይሰማል።

«ቀስቱ ይሄዳል» አለች ቲቸር።

ጠጋኟ ቀና አለች። «የት ይሄዳል?»

«በግራ በኩል። ጠርዙ ላይ አይቆምም፤ ይወጣል።» እጇን ወደ ባዶው ቦታ ዘረጋች። «የሱ ስክሪን የነበረው እዚያ ነው። ወደዚያ ነው የሚሄደው።»

«እታለም...» አለ ወንድምየው።

«ልጨርስ። አንዳንዴ ሆን ብዬ እልከዋለሁ። ትንሽ እጠብቅና እመልሰዋለሁ። ይመለሳል።»

ማንም አልሳቀም። ጠጋኟ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ጠረጴዛው ስር ገባች። ከታች ድምጿ መጣ።

«ስክሪኑን ማን ነቀለው?»

«እኔ» አለ ወንድምየው።

«ገመዱንስ ለምን ተዉት?»

ወንድምየው ወደ ቲቸር አየ። «ቋጠሮውን... ማለቴ፣ እንዳይፈታ ብላ።»

ጠጋኟ ጉልበቷን እያራገፈች ወጣች። አሁን የምትናገረው ቀስ ብላ ነው፤ በሐኪም አነጋገር። «ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጋር እንደተያያዘ ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ መለወጫ ስላለች ኮምፒውተሩ ስክሪኑ ዛሬም እዚያ ያለ ነው የሚመስለው። ፕሮግራሙ ደግሞ መጨረሻ የነበረበትን ቦታ ከነስዕሉ ያስታውሳል፤ ሲከፈት እዚያው ይከፈታል። ጋሼ ትተውት የሄዱት በግራው ስክሪን ላይ ነው። ስለዚህ ይኸው እስከ ዛሬ በጠሩት ቁጥር እዚያ ሄዶ ይከፈታል።»

ቲቸር ባዶውን ቦታ አየች። ግድግዳው ላይ ስክሪኑ የነበረበት ከሌላው ነጣ ብሎ ይታያል። በዚህ ቤት መርዶ ያልደረሰው ይህ ማሽን ብቻ ነው፣ ስትል አሰበች፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረውም።

«ገመዱን ብነቅለው ራሱ ወደዚህ ይመጣል» አለች ጠጋኟ።

«ሌላ መንገድ የለውም?»

ጠጋኟ ቋጠሮውን አየችው፤ ከዚያ ቲቸርን። «አለ። ግን በጭፍን ነው። ይምጡ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ የኔ እጅ አይደለም የሚያስፈልገው።» ወንበሩን ለቀቀችላት። «አልት የሚለውን ይያዙና ረጅሙን ቁልፍ ይጫኑ። አዎ። አንድ ዝርዝር ተከፍቷል፤ አናየውም፣ እዚያ ነው። አሁን ኤምን። 'አንቀሳቅሰው' ማለት ነው። አሁን የቀኙን ቀስት ይጫኑና አይልቀቁ።»

ቲቸር ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። ምንም አልሆነም።

«አይልቀቁ። ሩቅ ነው ያለው።»

ቁልፉን ይዛ ቆየች። ስክሪኑ ባዶ ነበር። ከዚያ በግራው ጠርዝ ቀጭን ግራጫ መስመር ብቅ አለ። መስመሩ ሰፋ፤ የመስኮቱ ማዕዘን ሆነ፤ ነጩ ወረቀት ቀስ እያለ፣ ሰው ከበር ጎን ሆኖ እንደሚገፋው፣ ወደሷ ስክሪን ገባ። «ያዢው» የሚል አልነበረም። እሷ ግን ያዘችው።

የፖስተኛው ጫማ ነው። ፊቱ ተጠናቋል፤ ትንሿ ጣት የምታርፍበት ጎን ሰፋ ተደርጎላታል። ይህ የሱ እጅ ነው፤ የትም ታውቀዋለች። ወደ ታች ስትወርድ ግን ቆመች። ተረከዙ ክፍት መሆን ነበረበት። አልነበረም። አንድ ቅስት ተስሎበታል።

«ምነው?» አለች ጠጋኟ። «ተበላሽቷል?»

«ተረከዙን ራሱ ሠርቶታል» አለች ቲቸር። «ተረከዝ እሱ ሠርቶ አያውቅም።»

የሚያሳየኝ ነገር ይህ ነበር፣ አለች በልቧ። ከስንት ጊዜ ጀምሮ ከጎኗ ተቀምጦ ሥራዋን በዓይኑ ሲሰርቅ ነበር ማለት ነው። እጁ ያልለመደበት ሰው የሳለው ቅስት ነው፤ አንድ ቦታ ላይ መንቀጥቀጡ ይታያል፤ ከዚያ ደፍሮ ቀጥሏል። መነጽሯን አወለቀች፤ መልሳ አደረገች። እንደ አስተማሪ አየችው። መሃሉን የወሰደው ከጫማው መሃል ነው፤ ጫማ ሰሪ ሁሉ እንደሚያደርገው። መወሰድ የነበረበት የሰውየው ክብደት ከሚወርድበት ነው። ስንት ዓመት የነገረችው ነገር ነው።

«ተሳስተሃል» አለች።

ለባሏ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ። ወንድምየው ወደ ውጭ ዞረ። ጠጋኟ ስልኳ የጮኸ ይመስል ኪሷን ስትፈትሽ ነበር።

እንዲሁ ልታስቀምጠው ትችላለች። ማንም ሳይነካው፣ እንደ ቋጠሮው። ግን ፖስተኛው በዚህ ተረከዝ ቢሄድ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ይሰበርበታል፤ ጋሽ ልኩ ደግሞ ሰው አያሰናክልም። ማውሱን ወስዳ መንቀጥቀጡ ያለበትን ቦታ ደግማ አየችው። ከዚያ ደመሰሰችው። በቦታው ክብደቱ ከሚወርድበት ነጥብ ጀምራ የራሷን ቅስት አዞረች፤ ከሱ መስመር ጫፍ ጋር አገናኘችው። መገናኛው አልታየም።

«አሁን ወደ ማሽኑ ነው የሚላከው?» አለች ጠጋኟ።

«ገና ነው።»

መስኮቱን በማውስ ይዛ ወደ ግራ ገፋችው። በጠርዙ በኩል ወጣ፤ ግማሹ፣ ሩቡ፣ ከዚያ ሙሉው። ስክሪኑ ባዶ ሆነ። ቲቸር እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች፤ እሱ አገጩን ደግፎ የሚያይበትን ያህል።

ከዚያ ቲቸር አልትን ይዛ ረጅሙን ቁልፍ ተጫነች፤ ኤምን፤ የቀኙን ቀስት። ማንም አልነገራትም። መስኮቱ ተመልሶ መጣ።

«ገመዱን ካልነቀሉት ነገም እዚያው ነው የሚሄደው፣ ቲቸር» አለች ጠጋኟ።

«ይሂድ። መንገዱን አውቄዋለሁ።» ወደ በሩ ሳትዞር ጨመረች። «ሰውየህን አይምጣ በለው። ፖስተኛውንም መንገድ ላይ ካገኘኸው፣ ና ብላሃለች በለው።»

«እሺ፣ እታለም» አለ ወንድምየው።

ላከችው። ሰዓሊው ክንዱን አነሳ። ወደ ጥግ ሄዶ እጅ ነሳ፤ ነገር ግን አልተመለሰም። ወረቀቱ መሃል ድረስ መጥቶ ብዕሩን ዝቅ አደረገና ከተረከዙ ጀመረ።